ምስል፣ ምርመራና ልየታ፦ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴ መታወክ በሚተረጎሙ የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የሚታይ የስያሜ ችግር

፩. መነሻ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ መታወክን ለመለየት የአንጎል ምስል ስለሚሰጠው እገዛ በአማርኛ ለመጻፍ ሲሞከር የሚያጋጥሙትን የስያሜ ችግሮች መርምሮ አንዳንድ የመፍትሔ ሐሳቦችን ማቅረብ ነው። ጸሐፊው የቋንቋ እንጂ የሕክምና ባለሙያ ስላልሆነ፣ ስለ በሽታዎቹ የሚነገረው ስያሜ ለመስጠት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ጽንሰ ሐሳቡ በቅጡ ሳይታወቅ የሚሰጥ ስያሜ ስለማይጸና፣ ከቃሉ በፊት ነገሩን ማየት ግድ ይሆናል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነው አንድ አጋጣሚ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ሕሙማን ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የአንድ ገጽ ማብራሪያ ለእርማት ለዚህ ጸሐፊ ደርሶት ነበር። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ፣ የአንጎል ምስል ሐኪሙ በሽታውን ለመለየት በሚያደርገው ጥረት እንደሚረዳው ይናገራል። የአማርኛው ግን «ይህ የአእምሮ ምርመራ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ እንዳለብዎ ያሳያል» ይል ነበር። ቃላቱ ሁሉ የታወቁ የአማርኛ ቃላት ናቸው፤ ሰዋስዉም አልተጣሰም። ነገር ግን በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ አራት ስሕተቶች አሉ፤ አንጎል አእምሮ ተብሏል፤ ምስል ማንሣትና በሽታን መለየት በአንድ «ምርመራ» ተጠቃለዋል፤ አንድ በሽታ በአንድ የሕመም ምልክት ስም ተጠርቷል፤ «ይረዳል» የነበረው ደግሞ «ያሳያል» ሆኗል። ይህን የሚያነብ ሕመምተኛ ምስሉ ገና ሳይነሣ ተፈርዶበት ይገኛል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የስያሜ ጉዳይ የቃላት ውበት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው። ስያሜ ነገሩ ከሚችለው በላይ ተስፋ ወይም ሥጋት መስጠት የለበትም። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ሐተታ ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

፪. የነገሩ ምንነት

የሰው ልጅ ሲራመድ፣ ሲጽፍ ወይም ጽዋ ሲያነሣ እንቅስቃሴው የተመጠነና የተቃና እንዲሆን በአንጎል ጥልቅ ክፍል የሚገኙ የነርቭ ሕዋሳት ስብስቦች ይተባበራሉ። ከእነዚህ አንዱ በመካከለኛው አንጎል የሚገኘው፣ በላቲን ስሙ «ሰብስታንሺያ ናይግራ»፣ ማለትም «ጥቁር ነገር» የተባለው ክፍል ነው። የዚህ ክፍል ሕዋሳት ረጃጅም ጫፎቻቸውን «ስትሪያተም» ወደተባለው ሌላ ክፍል ልከው ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር ያፈልቃሉ። በፓርኪንሰን ሕመም ሕዋሳቱ ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ ዶፓሚንም ይጎድላል። ይህን ጉድለት ኤሪንገርና ሆርኒኪየቪች የተባሉ ተመራማሪዎች በ1960 እ.ኤ.አ. በቪየና፣ ከሞቱ ሰዎች አንጎል በመነሣት አስታወቁ።

በሕያው ሰው ላይ ይህን ማየት ግን ሌላ ጥበብ ይጠይቅ ነበር። በ1895 እ.ኤ.አ. ሮንትገን ያገኘው ጨረር፣ በአማርኛ ራጅ የምንለው፣ አጥንትን እንጂ የአንጎልን ሥጋ ለይቶ አያሳይም። በ1971 እ.ኤ.አ. በለንደን በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ በሕመምተኛ ላይ የተሞከረው ሲቲ ስካን፣ ከዚያም በኋላ የመጣው ኤም አር አይ፣ የአንጎልን ቅርጽ ገለጡ። ሆኖም በፓርኪንሰን ሕመም የአንጎል ቅርጽ በተለመደው ኤም አር አይ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ይመስላል፤ የጎደለው ቅርጹ ሳይሆን ሥራው ነውና። ስለሆነም ሥራን የሚያሳይ ምስል አስፈለገ። በ1983 እ.ኤ.አ. በካናዳ ጋርኔት፣ ፊርናውና ናህሚያስ ጨረር የሚያመነጭ የዶፓ ዓይነት በመጠቀም፣ ዶፓሚን በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ የሚገኝበትን ስፍራ በምስል አሳዩ።

ዛሬ ለዚሁ ጉዳይ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ «ዳትስካን» በሚል የንግድ ስም የሚታወቀው ነው። በአውሮፓ በ2000፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። አሠራሩም እንዲህ ነው። አዮፍሉፔን የተባለው ንጥረ ነገር ጨረር አመንጪ ከሆነው አዮዲን 123 ጋር ተዋሕዶ በደም ሥር ይሰጣል። ንጥረ ነገሩ በስትሪያተም ውስጥ በነርቭ ጫፎች ላይ ባሉት የዶፓሚን አመላላሽ ፕሮቲኖች ላይ ይጣበቃል። ከ3 እስከ 6 ሰዓት ከቆየ በኋላ ከአንጎል የሚወጣው ጨረር በልዩ ካሜራ ተለቅሞ ምስል ይሆናል። የአዮዲን 123 ጨረር በ13 ሰዓት ገደማ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ምስሉ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የዶፓሚን ነርቭ ጫፎች በቦታቸው መኖራቸውን ወይም መጉደላቸውን ነው።

የዚህን ጥቅምና ወሰን ለይቶ ማወቅ ለተርጓሚ አስፈላጊ ነው። እጅን የሚያንቀጠቅጥ ነገር ሁሉ ፓርኪንሰን አይደለም። በቤተሰብ የሚወረሰውና አብዛኛውን ጊዜ እጅ በሥራ ላይ ሳለ የሚታየው መንቀጥቀጥ የዶፓሚንን ነርቭ ጫፎች አያጎድልም። ሃሎፔሪዶልን ወይም ሜቶክሎፕራማይድን የመሳሰሉ መድኃኒቶችም የፓርኪንሰንን መልክ ያለው ሕመም ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ የሚያግዱት ግን የዶፓሚንን ተቀባይ ስለሆነ የነርቭ ጫፎቹ አይጎድሉም። በእነዚህ ሁሉ ምስሉ ጤናማ ይሆናል። ሐኪሙ የሚጠረጥረው መድኃኒት ካለ መድኃኒቱን ለመለወጥ ይህ ትልቅ እገዛ ነው። በአንጻሩ የፓርኪንሰን ሕመም፣ «መልቲፕል ሲስተም አትሮፊ» እና «ፕሮግሬሲቭ ሱፕራኑክሊየር ፓልሲ» የተባሉት ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ሁሉም የነርቭ ጫፎቹን ያጎድላሉ። ስለዚህ ይህ ምስል አንዱን ከሌላው ለመለየት አይበቃም።

፫. አራቱ ቃላት

ሀ. አእምሮና አንጎል። በአማርኛ አእምሮ ማለት ማሰቢያ፣ ማስተዋያ፣ የዕውቀት ማደሪያ ነው። አንጎል ግን በራስ ቅል ውስጥ ያለው የሰውነት ክፍል ነው። በንግግር ሁለቱ ሲቀያየሩ ይሰማል፤ «ጭንቅላት» የሚለውም ሦስተኛ ሆኖ ይገባል። በዚህ ጉዳይ ግን መቀያየሩ ዋጋ ያስከፍላል። «የአእምሮ ሕመም» የሚለው ሐረግ በሕዝቡ ዘንድ የሚታወቀው ለሌላ የሕመም ዓይነት ስለሆነ፣ «የአእምሮ ምርመራ» የታዘዘለት ሰው እጁ ስለ ተንቀጠቀጠ ማስተዋሉ የተጠረጠረ ይመስለዋል። ቤተሰቡም እንዲሁ ያስባል። ስለዚህ ለአካል ክፍሉ «አንጎል» ብቻ ሊያገለግል ይገባል። «ጭንቅላት» ራስን በሙሉ ስለሚያመለክት ለሙያዊ ጽሑፍ አይመችም።

ለ. ምርመራና ልየታ። «መረመረ» ማለት ፈለገ፣ በረበረ፣ አጣራ ማለት ነው። ከዚህ የወጣው «ምርመራ» የሐኪሙን መዳሰስና መጠየቅ፣ የደምና የሽንት ፍተሻን፣ ምስል ማንሣትን፣ እንዲያውም የፖሊስን ሥራ ጭምር ይሸፍናል። ፍለጋውን ይናገራል እንጂ የፍለጋውን መደምደሚያ አይናገርም። በውጭው ቋንቋ «ዲያግኖሲስ» የሚባለው ግን መደምደሚያው ነው፤ በግሪክኛ መሠረቱም አንዱን ከሌላው ለይቶ ማወቅ ማለት ነው። ሁለቱም «ምርመራ» ከተባሉ «ምስል ለምርመራ ይረዳል» የሚለው «ምርመራ ለምርመራ ይረዳል» ወደሚል ትርጉም አልባ አነጋገር ይወርዳል። ከዚያም የሚብሰው፣ አንባቢው ምስሉን ከመደምደሚያው ጋር አንድ ማድረጉ ነው። በእንቅስቃሴ መታወክ ረገድ ደግሞ መደምደሚያው በዋናነት የሐኪሙ ነው። ዓለም አቀፉ የፓርኪንሰንና የእንቅስቃሴ መታወክ ማኅበር በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መለኪያ መሠረት፣ መነሻው በሐኪም የሚታይ የእንቅስቃሴ ዝግታ ሆኖ፣ ከእርሱ ጋር ዕረፍት ላይ ያለ አካል መንቀጥቀጥ ወይም የጡንቻ ግትርነት መኖር አለበት።

«ለየ» ከሚለው ግሥ የሚወጣው «ልየታ» ለግሪክኛው ሐሳብ የቀረበ ነው። አንድ ችግር ግን አለበት። በጤና ሠራተኞች ዘንድ «ልየታ» ምልክት የሌላቸውን ብዙ ሰዎች አጣርቶ ተጠርጣሪዎችን ለመምረጥ ለሚደረገው ሥራም ሲነገር ይሰማል። ስለሆነም መደምደሚያው «በሽታ ልየታ»፣ የማጣራቱ ሥራ ደግሞ «ቅድመ ልየታ» ቢባል ሁለቱ አይምታቱም።

ሐ. መንቀጥቀጥና ፓርኪንሰን። ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. ስለዚህ በሽታ በጻፈው ድርሳን በእንግሊዝኛ የሰጠው ስም «የሚንቀጠቀጥ ሽባነት» እንደ ማለት ነበር። ሻርኮ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ግን በኋላ ይህን ስያሜ ነቀፈ። ምክንያቱም ሕሙማኑ ጉልበታቸው ያን ያህል አይደክምም፤ ሁሉም አይንቀጠቀጡም። በሽታው በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ ያሳሰበውም እርሱ ነው። ሻርኮ የነቀፈው ችግር በእኛም ቋንቋ ተደግሟል። «የሚያንቀጠቅጥ በሽታ» ስንል የማይንቀጠቀጠውን የፓርኪንሰን ሕመምተኛ እናስቀራለን፤ የሚንቀጠቀጠውን ግን ፓርኪንሰን የሌለበትን ሰው እናስገባለን። ምስሉ የሚነሣው እነዚህን ሁለት ሰዎች ለመለየት ሆኖ ሳለ፣ ስያሜው አስቀድሞ አንድ ያደርጋቸዋል። ስለዚህ «ፓርኪንሰን ሕመም» የሚለው የተውሶ ስም ቢጸና ይሻላል። በመልክ እርሱን ለሚመስሉ ሌሎች ሁኔታዎች «ፓርኪንሰን መሰል» የሚለው ይስማማል። «ፓልሲ» የሚለውንም ሁልጊዜ «ሽባ» ብሎ መተርጎም አይገባም፤ «ፕሮግሬሲቭ ሱፕራኑክሊየር ፓልሲ» በተባለው በሽታ ቃሉ የዓይን እንቅስቃሴ መታገድን እንጂ የእግር መዛልን አያመለክትም።

መ. ያሳያልና ይረዳል። ተርጓሚ ለስሞች የሚሰጠውን ትኩረት ለግሦች አይሰጥም። ሆኖም በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ የማስረጃው ክብደት ያለው በግሡ ላይ ነው። «ያረጋግጣል»፣ «ያመለክታል»፣ «ይደግፋል»፣ «ይረዳል» የሚሉት በአንድ ደረጃ ላይ የቆሙ አይደሉም። ምስሉ የነርቭ ጫፎችን ጉድለት «ያሳያል»፤ ይህ ልክ ነው። በሽታውን ግን «ያሳያል» አይባልም፤ ሐኪሙን በሽታውን ለመለየት «ይረዳዋል» እንጂ።

፬. በምስሉ ላይ የሚነበቡ ምልክቶች

የምስል ሐኪሞች ያዩትን ቅርጽ ከሚያውቁት ነገር ጋር እያመሳሰሉ ይሰይማሉ። ከዚህ ላይ ተርጓሚው ያልጠበቀው ወጥመድ ይገጥመዋል።

ለአብነት ያህል በዳትስካን ጤናማው ምስል በግራና በቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ብሩህ ቅርጾች አሉት። ራሳቸው ወፈር ያለ፣ ጭራቸው የቀጠነና የታጠፈ ነው። እንግሊዝኛው ከላቲን ጽሕፈት ሥርዓተ ነጥብ ወስዶ «ኮማ» ይላቸዋል። የነርቭ ጫፎች ሲጎድሉ አስቀድሞ የሚጠፋው «ፑታመን» የተባለው የኋላ ክፍል፣ ማለትም ጭራው ስለሆነ፣ በሁለቱም ወገን ክብ ነጥብ ብቻ ይቀራል። ይህም በላቲኑ ጽሕፈት የዐረፍተ ነገር መዝጊያ በሆነችው ነጥብ ይመሰላል። አሁን «ኮማ» የሚለውን «ነጠላ ሰረዝ» ብንለው ምን ይሆናል? የእኛ ነጠላ ሰረዝ «፣» ጭራ የለውም፤ ያለው ሁለት ነጥብ ነው። ስለዚህ አማርኛ አንባቢ ስለ ጤናማው ምስል ሲነገረው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ሁለት ነጥቦችን፣ ማለትም የታመመውን ምስል ይሆናል። የታመመውንም «አራት ነጥብ» ብንለው ሁለት ነጥቦች ባሉበት አራት ይፈልጋል። በዚህ ሁኔታ ቃል በቃል ትክክል የሆነው ትርጉም ጤናውንና ሕመሙን ያቀያይራል። መፍትሔው ሥርዓተ ነጥቡን ትቶ ወደ ቅርጹ መሄድ ነው። ጤናማውን «ጥንድ ማጭድ»፣ የጎደለውን «ጥንድ ነጥብ» ብንለው ማጭድ ያየ ሁሉ ይረዳዋል።

በኤም አር አይ የሚታዩትም ምልክቶች እንዲሁ ናቸው። ፕሮግሬሲቭ ሱፕራኑክሊየር ፓልሲ በተባለው በሽታ መካከለኛው አንጎል ስለሚኮሰምን፣ በጎን ሲታይ ራሷ ትንሽ መንቆሯ ረጅም የሆነች ወፍ ይመስላል። እንግሊዝኛው «ሀሚንግበርድ» ይላታል። ይህች ወፍ በአሜሪካ አህጉር እንጂ በአፍሪካ አትገኝም፤ ስሟን ቢዋሱት ቅርጹ ለአንባቢ አይታየውም። «የረጅም መንቆር ምልክት» ቢባል ግን ወፏን ያላየም ይረዳል። መልቲፕል ሲስተም አትሮፊ በተባለው በሽታ በአንጎል ግንድ ላይ የሚታየው ብሩህ መስቀል፣ እንግሊዞች በስቅለት ሰሞን በሚበሉት መስቀል ያለበት ትንሽ ዳቦ ስም ይጠራል። ለእኛ ዳቦው አያስፈልግም፤ «የመስቀል ቅርጽ ምልክት» ይበቃል።

ሁሉም አለመጣጣም ግን ጉዳት አያደርስም። በአንጎል ጥልቅ ክፍል ብረት በሚከማችበት አንድ ብርቅ በሽታ፣ ጥቁር ሆኖ መካከሉ ብሩህ የሆነ ቅርጽ ይታያል፤ እንግሊዝኛው «የታይገር ዓይን» ይለዋል። ታይገር በአፍሪካ ዱር የለም፤ በአማርኛ ነብር የምንለውም ሌላ አውሬ ነው። ሆኖም የተፈለገው ዓይኑ እንጂ አውሬው ስላልሆነ «የነብር ዓይን» ብንል ማንም አይሳሳትም። በአንጻሩ መዳብ በሰውነት ውስጥ በሚከማችበት የዊልሰን በሽታ የሚታየው «የፓንዳ ፊት» በማንም አገር እንስሳ አይተካም፤ በውሰት ሊገባና ሥዕል ሊታከልበት ይገባል። የዊልሰን በሽታ በጊዜ ከታወቀ በመድኃኒት የሚገታ ስለሆነ፣ ምልክቱን የሚያነብ ሁሉ በአንድ ስም ቢጠራው ይጠቅማል። በጠቅላላው ጽሑፉ ለሐኪሞች ከሆነ የውጭው ስም ከአማርኛው ጎን በፊደላችን ይጻፍ፤ ለሕሙማን ከሆነ ቅርጹ ይገለጥ።

፭. «አሉታዊ» እና «አዎንታዊ»

የምስሉ ውጤት ሲነገር ሌላ ችግር ይነሣል። «ኔጋቲቭ» የሚለውን «አሉታዊ»፣ «ፖዘቲቭ» የሚለውን «አዎንታዊ» ማለት በሰዋስው ትምህርት ልክ ነው፤ በዕለት ተዕለት አነጋገር ግን አሉታዊ ማለት ክፉ፣ አዎንታዊ ማለት በጎ እየሆነ መጥቷል። «ውጤትዎ አሉታዊ ነው» የተባለ ሰው ምሥራቹን እንደ መርዶ ይሰማዋል። ስለዚህ የታየውን መናገር ይሻላል፤ «የዶፓሚን ነርቭ ጫፎች ጉድለት ታይቷል» ወይም «አልታየም» ማለት።

ከዚህ ላይ አንድ ልዩነት ሊሰመርበት ይገባል። ከላይ በተጠቀሰው የ2015 መለኪያ መሠረት ጤናማ የሆነ የዶፓሚን ምስል የፓርኪንሰንን ሕመም ከግምት ያስወጣል። የጎደለ ምስል ግን በራሱ የፓርኪንሰን ደጋፊ ማስረጃ ሆኖ አልተቆጠረም፤ ጉድለቱ ለሌሎቹም በሽታዎች የጋራ ነውና። ምስሉ «አይደለም» ሲል ቃሉ የጸና ነው፤ «ነው» ለማለት ግን አይችልም። በተለያዩ የመድኃኒት ጥናቶች ውስጥ ሐኪሞች ፓርኪንሰን ነው ብለው ከመዘገቧቸው ሰዎች መካከል ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ምስላቸው ጤናማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሽታቸው ሌላ እንደ ነበረ በኋላ ታውቋል። የአማርኛው ዐረፍተ ነገር ይህን የማስረጃ አለመመጣጠን መያዝ አለበት። «ምስሉ ፓርኪንሰን መኖሩንና አለመኖሩን ያሳያል» የሚለው ለጆሮ የተመዛዘነ ነው፤ ግማሹ ግን ሐሰት ነው።

፮. የቀረቡ ስያሜዎች

ከላይ የተባለውን ለማጠቃለል የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል።

የሰውነት እንቅስቃሴ መታወክ፦ እንቅስቃሴ ከልክ ሲያንስ፣ ሲበዛ ወይም ሲዛባ የሚታዩ የነርቭ ሕመሞች የጋራ ስም። «የሰውነት» የሚለው የተጨመረው፣ «እንቅስቃሴ» ለሌላ ሥራ ሁሉ ስለሚነገር ነው።

በሽታ ልየታ፦ ሐኪሙ ከምልክቶችና ከማስረጃዎች ተነሥቶ በሽታው ይህ ነው የሚልበት መደምደሚያ።

ቅድመ ልየታ፦ ምልክት የሌላቸውን ሰዎች የማጣራት ሥራ።

የቅርጽ ምስል፦ የአንጎልን መልክና መጠን የሚያሳይ፤ ሲቲ ስካንና ኤም አር አይ በአብዛኛው የዚህ ወገን ናቸው።

የሥራ ምስል፦ በአንጎል ውስጥ የሚከናወን ተግባርን ወይም የንጥረ ነገር ስርጭትን የሚያሳይ።

ፈለግ ጠቋሚ፦ ወደ ሰውነት ገብቶ የሚሄድበት ስፍራ በጨረሩ የሚታወቅ ንጥረ ነገር። ፈለግ ዱካ ማለት ስለሆነ ሐሳቡን ይሸከማል።

ዶፓሚን አመላላሽ፦ ዶፓሚንን ወደ ወጣበት የነርቭ ጫፍ የሚመልስ ፕሮቲን። «አጓጓዥ» የሚለው ዕቃን ከአገር ወደ አገር መውሰድን ስለሚያሳስብና የመመለስን ሐሳብ ስለማይዝ ተትቷል።

ፓርኪንሰን መሰል፦ መንሥኤው ማንኛውም ይሁን የፓርኪንሰን ሕመምን መልክ የያዘ ሁኔታ።

ጥንድ ማጭድና ጥንድ ነጥብ፦ በዶፓሚን አመላላሽ ምስል ላይ የሚታዩት ጤናማና የጎደሉ ቅርጾች።

በመጨረሻም ስለ «ምስል» አንድ ነገር ማከል ተገቢ ነው። ቃሉ የወጣው «መሰለ» ከሚለው ግሥ ነው። «መሰለኝ» የሚል ሰው ደግሞ አላረጋገጠም፤ የታየውን ይናገራል እንጂ። ለዚህ ለአዲሱ ጥበብ ከነባሩ ቋንቋ ያገኘነው ቃል ወሰኑን በራሱ የያዘ በመሆኑ፣ «ምስል» በሌላ ሊተካ አይገባም። የተርጓሚው ፈንታ ከጎኑ የሚቆሙትን ቃላት ወሰኑን እንዳያልፉ መጠበቅ ነው። ከላይ የተዘረዘሩትም ስያሜዎች ገና ሐሳቦች ስለሆኑ፣ ከሕሙማን ጋር በየዕለቱ የሚነጋገሩ ሐኪሞች፣ ነርሶችና አስተርጓሚዎች በሥራ ፈትነው ያገኙትን ጉድለት እንዲያስታውቁ ይጠየቃሉ።